የምትሮጠዋን ተያት

ባለፈው ሰሞን ምራቴ የአበባ ማሰሮዋን አቅፋ መጣችና ቅጠሉ ሥር ጥጥ በቀለ ብላ እየሳቀች አሳየችኝ። ቅጠሉን ገለበጥሁት። ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት፣ ብብት በመሰለው ቦታ ሁሉ፣ ዱቄት የለበሱ ነጫጭ ነገሮች ተሰግስገዋል። ጣቴ ተጣበቀ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ በእሷ የተቆጣሁ መሰላትና ማሰሮውን ልትወስድብኝ እጇን ዘረጋች። በእሷ አልተቆጣሁም። እኔ ይህችን ተባይ ባየሁ ቁጥር የሚነሣብኝ ንዴት የቆየ ነው፤ ከእሷ ዕድሜ ይበልጣል።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለው ሰፈራችን ነው። አባቴ አትክልተኛ ነበሩ። ከቤታችን ትንሽ ራቅ ብሎ የአንድ ትልቅ መኮንን ግቢ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ የነበረውን ዘይቱን ሁሉ የተከሉት፣ ሃያ ዓመት ከጣና ውኃ እየቀዱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ መኮንኑ ሄዱ፤ ግቢው ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ዛፎቹም «የሰፊው ሕዝብ አትክልት» ተባሉ። ሰፊው ሕዝብ አባቴን አይጨምርም ኖሯል። የአድኃሪ አሽከር ነበሩ ተብለው በገዛ እጃቸው ከተከሉት ዛፍ አጠገብ እንዳይደርሱ ተከለከሉ። እንኳን ዛፉን ሊነኩ፣ በአጥሩ በኩል ቆመው ሲያዩ እንኳ ዘበኛው ምን ፈለጉ ይላቸው ነበር።

ማየቱም ብዙ አልቆየላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ጨርሶ ከመጨለሙ በፊት፣ ትንሽ ብርሃን በቀረቻቸው ጊዜ፣ ከአንድ ወዳጃቸው ያገኟትን የብርቱካን ቅርንጫፍ በእኛ ግቢ በነበረው የሎሚ ግንድ ላይ ሰክተው፣ በጨርቅ ጠምጥመው አሰሯት። ጨርቁን ሲያስሩ አፍንጫቸው ግንዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቅርንጫፏ ያዘች፤ አደገች፤ ዛፍ ሆነች። ከዚያ በኋላ ሌላ ለማያያዝ ዓይን አልነበራቸውም። ያቺ ብርቱካን የመጨረሻ ሥራቸው ናት። ጧት ጧት በዘንግ እየዳበሱ ሄደው ሥሯ ይቀመጣሉ፤ እኔም ቁርሳቸውን እዚያው እወስድላቸው ነበር።

አንድ ዓመት የላብ አደሩ በዓል ሲቃረብ ከቀበሌ ትእዛዝ መጣ፤ ከመንገድ የሚታይ ዛፍና ድንጋይ ሁሉ እስከ ወገቡ ኖራ ይቀባ። በዚያ ዘመን ቆሞ የተገኘ ነገር ሁሉ ኖራ ይቀባ ነበር። ቆም ብሎ ወሬ የሚያወራ ሰው ሳይቀባ መቅረቱ ይገርመኛል። ኖራውን ከኅብረት ሱቅ በጣሳ ሰጡን። እኔ ቃጫ እየነከርሁ ብርቱካኗ የበቀለችበትን የሎሚውን ግንድ ከታች ወደ ላይ ስቀባ፣ ከእጄ ከፍ ብሎ በቅርንጫፎቹ መገናኛ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የተረጨ ኖራ መሰለኝ። በልቤ እንዲያውም እሰየው አልሁ፤ ሳልደክም ከፍ ብሎ ተቀባልኝ። ቤት ውስጥ ያልታጠበ ልብስ፣ ያልተፈጨ እህል ይጠብቀኛልና ቀና ብዬ ሁለተኛ አላየሁም።

በበዓሉ ማግስት የቀበሌው የልማት ኮሚቴ ሊጎበኘን መጣ። ሰብሳቢው ከዚያ በፊት መዝገብ ቤት ሲጽፍ የኖረ፣ ጎመንን ከሰላጣ የሚለየው ከተቀቀለ በኋላ የሆነ ሰው ነበር። ለእሱ አንቱታ አላወጣም፤ ያኔ ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ፣ ይበቃዋል። ዛፋችን ሥር ቆሞ ወደ ላይ አንጋጠጠና ሁለቱን ተከታዮቹን ጠራቸው። ሌላው ሕዝብ እስከ ወገብ ሲቀባ፣ ይህ ቤት ግን እስከ ቅርንጫፉ፣ እስከ ቅጠሉ መጋጠሚያ ድረስ ቀብቷል እያለ አሳያቸው። ጻፉ። እኔም ዝም ብዬ ተመሰገንሁ። የሚያመሰግኑት ሰው ዝም ካለ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣልን። ግቢያችን ለሰፈሩ አርአያ መሆኑን፣ የኖራ አቀባቡም ከግንድ አልፎ ቅርንጫፍ መድረሱን ይናገራል። አባቴ አንብቢልኝ አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። ሲሰሙ ቆይተው፣

«ቅርንጫፉ ላይ በምን ደረስሽ?» አሉኝ።

ቤታችን መሰላል አልነበረም። እሳቸው ዘንጋቸውን ያዙና ወጡ፤ ተከተልኋቸው። አንዱን ቅርንጫፍ ጎትቼ አወረድሁላቸው። ቅጠሏን ጫፍና ጫፏን ይዘው በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፤ ጣታቸውን አሽተው አሸተቱት። ጉንዳን በግንዱ ይወጣ እንደሆን ጠየቁኝ። ይወጣል፣ ተሰልፎ ይወጣል አልኋቸው። ቅጠሉስ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገር አለበት? አለበት። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስት ሰው ከነመነጽሩ አንጋጦ ያላየውን ማየት የተሳናቸው ሰው በአንድ አውራ ጣት አዩት።

እሳቸው ተባይዋን ነጯ ነበር የሚሏት። እዚያው ሥሯ ተቀምጠው አስረዱኝ። ነጯ የቅጠሉን ውኃ ትመጥጣለች፤ የተረፋትን እንደ ስኳር አድርጋ ታንጠባጥበዋለች፤ ቅጠሉ የሚጣበቀው፣ ቆይቶም የሚጠቁረው በዚያ ነው። ጉንዳኑ ያንን ጣፋጭ ስለሚወድ እንደ ከብት ይጠብቃታል፤ ጠላቷን ያባርርላታል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ሲደርቅ ወደ ሌላው ተሸክሞ ያሻግራታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከጉንዳኑ ይጀምራል። ግንዱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ጨርቁን የመኪና ግራሶ መቀባት ነው፤ ጉንዳን ግራሶ አይሻገርም። ከአጥር የሚነካካ ቅርንጫፍ ካለ እሱን መቁረጥ ነው፤ አለዚያ በዚያ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ሳይበረታ ቅጠሉን ከነጀርባው በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ በመጋጠሚያው የተሰገሰገችውን ደግሞ እንጨት ጫፍ ላይ በተጠመጠመ ጥጥ አረቄ እየነከሩ መንካት። አረቄ የነካት እንደሆነ ነጭ ልብሷ ይሟሟል፣ ከሥሩ ቀይ ሥጋዋ ይታያል፣ ያበቃላታል። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር አከሉ። ሁሉንም አትግደይ፣ እያየሽ ግደይ አሉኝ። ይህችን ቃል ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ማየትን የሚያስተምሩኝ እሳቸው መሆናቸው ትንሽ አስቆኝም ነበር።

ግራሶ ከጋራዥ ለምኜ አምጥቼ ግንዱ ላይ በጠመጠምሁት ጨርቅ ቀባሁ። ሳሙና ግን በካርድ የሚታደልበት ጊዜ ነበር፤ የወሩን ድርሻ ለዛፍ ካጠብሁት ልብሳችንን በምን ላጥብ ብዬ ሳመነታ፣ ሌላ ወረቀት ከቀበሌ ደረሰ። የሰፊው ሕዝብ አትክልት ነጭ ተባይ ገብቶበታል፤ ተባዩም ከእኛ ግቢ መዛመቱ ተረጋግጧል፤ እስከ እሑድ ካልጸዳ ዛፉ በዘመቻ ይነቀላል ይላል። ፊርማው የዚያው ሰው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው። የእነሱ ዘይቱን ማዶ ለማዶ ነጥቶ፣ ከላዩ የወረደው ጥላሸት መሬቱን አጥቁሮት ዓይናቸው እያየ፣ በእኛ አንዲት ዛፍ ፈረዱ።

የምስጋናውን ወረቀት ይዤ ቀበሌ ሄድሁ። በር ላይ ብዙ አስጠበቁኝ። ስገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና፣ ጓድ፣ ይህ ቅርንጫፍ ላይ የደረሰው ነጭ ነገር ምን ነበር አልሁት። ማኅተሙን አየ፤ ፊርማውን አየ፤ የራሱ ነው። አላፈረም።

«ያን ጊዜ ኖራ ነበር፤ አሁን ተባይ ነው» አለኝ።

አባቴ የዚህን ግቢ ዛፎች አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፣ ጠርታችሁ ብትጠይቋቸው መድኃኒቱን ይነግሯችኋል ብዬ ለመንሁት። የመሳፍንት አትክልተኛ ምክር አያስፈልገንም አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ ድረስ መንገድ ለመንገድ ብቻዬን ስናገር ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር።

በማግስቱ የወሩን ሳሙና በሙሉ ፈቅፍቄ በውኃ በጠበጥሁት። አንድ ጠርሙስ የዳጉሳ አረቄ ገዛሁ። ከአንድ አናጢ መሰላል ተውሼ ቅጠል በቅጠል ማጠብ ጀመርሁ። አባቴ ከሥር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አረቄ እየሸተታቸው፣ ነጯ በዘመኗ ያላየችውን ድግስ አገኘች እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔ ቀልድ አልነበረኝም። እያንዳንዷን ነጭ ነገር የሰብሳቢውን ፊት እያሰብሁ ነበር የምጨፈልቃት። ከነጫጮቹ መካከል ከሌሎቹ ተለቅ ያሉ፣ ጥጣቸው እንደ ፍየል ጠጉር የተንጨባረረ ነበሩ። አረቄ የነከርሁት ጥጥ ገና ሲጠጋቸው ይሮጣሉ። በተለይ እነዚህን አሳድጄ ስይዛቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ የተባዮቹ አለቆች መሰሉኝ። አንዱን ጎን ጨረስሁ፣ ሌላውን ጎን ጨረስሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመሰላሉ ወረድሁና፣ ትልልቆቹ ሲሮጡ እንኳ አላመለጡኝም፣ ፈጀኋቸው ብዬ ለአባቴ ጉራዬን ነዛሁ።

አባቴ ቀልዳቸውን አቆሙ።

«የምትሮጥ ነበረች?»

«ብዙ ነበሩ። አንዲት አላስቀረሁም።»

ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ የማትሮጠዋን ግደያት፤ የምትሮጠዋን ተያት። እሷ የእነሱን ልብስ ለብሳ መካከላቸው ገብታ የምትበላቸው ናት» አሉኝ።

በመኮንኑ ግቢ ሃያ ዓመት አይተዋታል። በልጅነቷ ነጭ ለብሳ ነጯን ትመስላለች፤ ስታድግ ያን ልብስ ጥላ ከምስር የማትበልጥ ጥቁር ጢንዚዛ ትሆናለች። አንዷ ብቻ በቀን ስንቷን እንደምትጨርስ እየቆጠሩ ይደነቁ እንደነበር ነገሩኝ። ነጯ የትም አትሄድም፤ አፏን ቅጠሉ ውስጥ ተክላ ትቀመጣለች። የምትሮጠው በላተኛዋ ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ፣ በወር ሳሙናዬ፣ የአባቴን ዛፍ ጠባቂዎች ስፈጅ ሰነበትሁ። መጀመሪያ እያየሽ ግደይ ሲሉኝ ባለመስማቴ በራሴ ተናደድሁ፤ ግን በራስ መናደድ አይጣፍጥምና ወዲያው ንዴቱን ወደ ሰብሳቢው መለስሁት። እሱ እስከ እሑድ ባይለኝ መቼ እቸኩል ነበር።

አንድ ተስፋ ቀርቶ ነበር። ከፍ ብላ ወደ ጎረቤታችን ግቢ የተሻገረችውን ቅርንጫፍ አልነካኋትም፤ ከእኛ በኩል መሰላሉ አይደርስም፤ የእሳቸው በር ደግሞ ቁልፍ ነበር። ጎረቤታችን ከባላቸው ጋር ሩዝ የሚነግዱ እስላም ሴት ናቸው፤ ያን ሳምንት ይፋግ ገበያ ወርደው ነበር። ዓርብ ከሐሙሲት በኩል በመጣው አውቶቡስ ሲገቡ ገና ዕቃቸውን ሳያወርዱ ነገሩን ነገርኋቸው። መሰላሉን በግቢያቸው አቆምንና ወጣሁ። ነጯ አለች። መካከሏ ግን እነዚያ የተንጨባረሩት፣ አሥር ይሁኑ አሥራ አምስት፣ ጣቴን ሳስጠጋ ሮጡ። ከላይ ሆኜ ለአባቴ ስነግራቸው፣ በቃ ያቺን ቅርንጫፍ አትንኪያት፣ ከእሷ ተነሥተው ዛፉን ሁሉ ያጸዱታል አሉ። ጎረቤታችን መሰላሉን እንደያዙ፣ ዛፍ አጥቦ መዋል በእኔ ዕድሜ አልታየም ብለው ሳቁ። ግን ማታውን ከራሳቸው ድርሻ ግማሽ ሳሙና ላኩልኝ።

እሑድ ጧት ሰብሳቢው ዘማቾቹን ከነመጥረቢያቸው አስከትሎ መጣ። ዛፏን ዞራት። ቅጠሏ ታጥቦ ያበራል። ሊመለስ ነው ስል ቀና ብሎ ያቺን ቅርንጫፍ አያት፤ ኖራ ሲሆን ያላየ ዓይን ያን ቀን ተከፈተለት። ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ አፌን አስያዘኝ። አባቴ ከበርጩማቸው ተነሥተው፣ ጓድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በጣትዎ ይንኳት፣ ነጯ ብትሆን አትሮጥም፣ ይህች ግን ትሮጣለች አሉት። እሱ ሳቀና ወደ ዘማቾቹ ዞሮ፣

«አባት፣ ንጹሕ ከሆነች ለምን ትሮጣለች?» አለ።

ማንም አልሳቀለትም። ከኋላው የቆሙት ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ስለ ተባይ ብቻ የሚጠየቅ አልነበረም፤ እዚያ ከቆሙት መካከል ልጁ ሮጦ ያመለጠው፣ ሮጦም ያላመለጠው ነበረ።

ከዚያ ምሕረት አደረገልን። ዛፉ ባጠቃላይ መጽዳቱን ስለተመለከተ አይነቀልም፤ ያልጸዳው ቅርንጫፍ ብቻ ተቆርጦ ይቃጠል አለ። ከዛፉ ሁሉ መርጦ ዛፉን የሚያድነውን ቅርንጫፍ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን የተመታችው ድመቲቱ ናት። መጥረቢያው ሁለት ጊዜ አረፈና ቅርንጫፏ በጎረቤታችን ግቢ ወደቀች። ዘማቾቹ ሊያነሷት ሲሄዱ ጎረቤታችን በራቸው ላይ ቆመው፣ በእኔ ግቢ የወደቀ እንጨት የእኔ ነው፣ እኔ አነደዋለሁ አሉ። ድምፃቸው ፀጥ ያለ ነው፤ ግን ማንም ሊያልፋቸው አልደፈረም። ሰብሳቢው ጻፈ፤ «ተቃጥሏል»።

አልተቃጠለም። ሰዎቹ መታጠፊያውን ከማለፋቸው ጎረቤታችን ቅርንጫፏን በአጥር ላይ አሳልፈው አቀበሉኝ። አባቴ እንዳትራገፍ ቀስ አድርጌ ይዤ፣ ከዛፏ እምብርት ላይ በገመድ እንዳስራት አዘዙኝ። ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ የሚሮጡት አንድ በአንድ ወደ ሕያው ቅጠል ተሻገሩ። ግራሶው ጉንዳኑን ከሥር አግዶታልና የሚያባርራቸው አልነበረም። ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ዛፏ አገገመች፤ የያዘችው ፍሬም ወፈረ። በታኅሣሥ አባቴ የመጀመሪያዋን ብርቱካን በእጃቸው ልጠው ግማሷን ለጎረቤታችን ላኩ።

የሰፊው ሕዝብ አትክልት ግን ከፋ። አንድ ነጭ ዱቄት አምጥተው ነፉበት፤ በላተኛዋ አለቀች፣ ነጯ በረከተች። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። እኔ በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ዘይቱኖቹን አያቸውና ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ሰብሳቢው ብቻውን ቤታችን መጣ። ቆቡን አውልቆ ነበር። ከበላይ አካል ጉብኝት እንዳለ፣ የእኛ ዛፍ መዳኗን መስማቱን፣ ያቺ የምትሮጠዋ ካለች አንድ ቅርንጫፍ ብንሰጠው አለ። ለዚህ ቀን አንድ ዓመት ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። አፌን ስከፍት አባቴ ቀደሙኝ፤ ስጪው፣ የምትሮጠዋ በብዛት ያለችበትን መርጠሽ ስጪው አሉኝ። በንዴት ወደ ጓዳ ስገባ ተከትለውኝ መጡ።

«ዛፎቹ ምን አደረጉ?» አሉኝ።

ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። በመንገዱ በኩል፣ ሰንሰል ከሚባለው ቁጥቋጦ ከተተከለው አጥር የምትነካካ አንዲት ዝቅ ያለች ቅርንጫፍ ነበረች። አባቴ ቁረጫት ብለውኝ ሳልቆርጣት የከረመች ናት። ጉንዳኑ በአጥሩ ዞሮ በእሷ በኩል ገብቶ ነበር። ነጯ እላይዋ ላይ እንደ ብቅል ተነባብራለች፤ ጉንዳኑ ይጠብቃታል። የምትሮጥ አንዲት የለችም። አንድ ጊዜ ነካካሁና አየሁ። ሁለተኛ ነካካሁና አየሁ። ከዚያ እሷን ቆረጥሁ። እንዳትራገፍ የምስጋናውን ወረቀት አመጣሁና በእሱ ጠቀለልኋት። ሰብሳቢው ማኅተሙን አላስተዋለም፤ እግዜር ይስጥልኝ እያለ እንደ ሕፃን አቅፎ ወሰዳት።

«ትሮጣለች?» አሉኝ አባቴ።

«ትሮጣለች» አልኋቸው።

ሰብሳቢው ቅርንጫፏን በትልቁ ዘይቱን ላይ አሰራት። ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት አላደረጉም፤ የአባቴን ቃል አምነው ጠበቁ። ሰው የአባቴን ምክር ሰምቶ ሲሠራ በዚያ ቀበሌ ያ የመጀመሪያው ነበር። በተከታዩ በጋ ዛፎቹ እንዳሉ ደረቁ። ሰብሳቢውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ቅጣት ነው ያለ አለ፣ ዕድገት ነው ያለም አለ። እሑድ ለዘመቻ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ውጡ ተባለ፤ ከእኛ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ። ዶማ ሰጡኝና የትልቁን ዘይቱን ሥር ቆፈርሁ። ሥሩ እንዴት ያለ ሥር ነበር። አባቴ በወጣትነታቸው ከሐይቁ ውኃ እየቀዱ ያጠጡት ዛፍ እስከ ቀትር ድረስ አልነቀልም አለን።

ቤት ስገባ አባቴ ከብርቱካኗ ሥር ተቀምጠው ነበር። የመጥረቢያው ድምፅ እዚያ ድረስ ይሰማል። የትኞቹ ናቸው አሉኝ፤ ሁሉም አልኋቸው። ዘንጋቸውን ሳይዙ ተነሡ። በዛፏ ዙሪያ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ እየዳበሱ ዞሩ። ጎረቤታችን በኩል በመጥረቢያ የተቆረጠውን ነክተው አለፉት። በሰንሰሉ አጥር በኩል ሲደርሱ ጎንበስ አሉና በቢላዋ የተቆረጠውን ጉጥ አገኙት። አጥሩን በሌላ እጃቸው ነኩት፤ ከጉጡ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩት። ጉንዳኑ አጥር በሚነካ ቅርንጫፍ እንደሚዞር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ይህን ነው የሰጠሽው?»

ያ ጉጥ ከተቆረጠ ወራት አልፎት ነበር፤ ደርቋል፤ ከጣት ላይ የሚጣበቅ ነገር አልነበረበትም። አባቴ ግን እጃቸውን ከራሳቸው አርቀው እንደዘረጉ ቆሙና የእጅ ውኃ አምጪልኝ አሉ። አመጣሁና አፈሰስሁላቸው። ሳሙና ጠየቁኝ።